የጨው ክምር ሲናድ

መርሳ ላይ ለሐራጅ የወጣውን ቤት ልጫረት ነው ካልከኝ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ፣ ልጄ። አትግዛ አልልህም። ገንዘቡን አረብ አገር ላብህን አንጠፍጥፈህ ያመጣኸው ነው፤ ቤትም ያስፈልግሃል። ግን «የጨው ክምር ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል» ይባላል። ድሮ ጨው አሞሌ ሆኖ እንደ ብር ይቆጠር ነበር፤ የጨው ክምር የአንድ ቤተሰብ ሀብት ነበረ።

የቤቱን ባለቤት አውቀዋለሁ። ለሱቁ ዕቃ ሊሞላ ቤቱን አስይዞ ከባንክ ተበደረ። ነሐሴ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ወልዲያንና የመርሳን ወረዳ ሀብሩን አጥለቀለቀ፤ ታኅሣሥ 2014 ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ እሱን የጠበቀው ባዶ መደርደሪያ ነው። ሱቁ ቆመ፣ ወለዱ ግን አልቆመም። እሱም ዛሬ ይሻላል ነገ ይሻላል እያለ ከረመ። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው።

ሕጉንም እወቀው። በ1990 የወጣው አዋጅ ቁጥር 97፣ በውል የተስማማ ባንክ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ለባለዕዳው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅድለታል። በሁለተኛው ሐራጅም ገዢ ከጠፋ፣ ባንኩ በመጀመሪያው ሐራጅ መነሻ ዋጋ ራሱ ሊወስደው ይችላል። ሽያጩ ከዕዳው ከበለጠ ትርፉ የባለቤቱ ነው። ካነሰ ግን ቤቱም ሄዶ ቀሪው ዕዳ ይከተለዋል። ልጆቹን ይዞ ከወጣ በኋላም ይከፍላል ማለት ነው፤ እንቅልፌን የነሳኝ ይኸው ነው።

ስለዚህ ሐራጁ ሳይደርስ ሰውዬውን አነጋግረው። ባንኩ እሺ ካለ ራሱ ይሽጥልህ፤ ከዋጋው ላይ ዕዳው በቀጥታ ለባንኩ ይከፈል፣ እገዳው ይነሳ፣ የተረፈው ለእሱ ይሁን። ከሐራጁ ጥቂት ጨምረህ ትገዛው ይሆናል። ግን ቁልፉን በእጁ ይሰጥሃል፤ በፖሊስ አስወጥተኸው አትገባም። ለቅሶና ሠርግ የምትደራረስበት ሰፈር እኮ ነው።

አይሆንም ካለ ተጫረት፣ ዓይንህን ገልጠህ ግን። ማስታወቂያውን ደጋግመህ አንብበው። በብዛት የመነሻውን ዋጋ አንድ አራተኛ በሲፒኦ ያስይዛሉ፤ ያሸነፈ ቀሪውን በ15 ቀን ውስጥ ካልከፈለ ያስያዘውን ያጣል። እቁቡ ይወጣልኛል ብለህ እንዳትገባ። የጎደለውን በብድር ልሙላ ካልክም «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሆንብሃል፤ የአንተው ቤት ማስታወቂያ ይለጠፋል። ግብሩና የስም ማዛወሪያው በማን ላይ እንደሆነም ከዚያው ወረቀት እይ።

ከዚያ ማዘጋጃ ቤት ሂድ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የምትገዛው ቤቱን ነው። ይዞታው ነባር ነው ወይስ ሊዝ? ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለ ስንት ቀርቶበታል? ካርታው ላይ 200 ካሬ ተጽፎ አጥሩ 300 ከከበበ፣ መቶውን ካርታው አያውቀውም። ዋጋህን በወረቀቱ ልክ ስጥ እንጂ በአጥሩ ልክ አትስጥ።

ሚስቱ በመያዣ ውሉ ላይ መፈረሟንም ጠይቅ። ቤቱ የጋራ ከሆነና እሷ ካልፈረመች፣ ክስ ልታነሳ ትችላለች፤ አንተም ገንዘብህን ከፍለህ ችሎት ለችሎት ትንከራተታለህ። ደላላው ይህን አይነግርህም፤ እሱ ኮሚሽኑን ይዞ ይሄዳል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

አብሽር፣ ልጄ። ነገ ጁምዓ ነው፤ ሰውዬው ከሰላት ሲወጣ በር ላይ አብረን እንጠብቀዋለን። ወሬውን እኔ እጀምርልሃለሁ፤ አንተ ዋጋ አትጥራ፣ መጀመሪያ ልጆቹ እንዴት እንደሆኑ ጠይቀው።