እምቢ የማለት መብት፦ ስለ ራስ ወዳድነትና ስለ መሥዋዕትነት

«ራስ ወዳድ» ማለት በእኛ አገር ፍርድ ነው። ይህ ስም የወጣለት ሰው ሠርቶ ያፈራው ሁሉ ይጠረጠራል። ስለ ሌላው ብሎ ራሱን የጎዳ ሰው ግን፣ ያ ሌላው በእርግጥ ይጠቀም አይጠቀም ሳይጠየቅ ይወደሳል። «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚለው አባባል ሲነሳ እንኳ ብዙዎቻችን እንደ ክፉ ምክር እንሰማዋለን። እኔ አባባሉ ከምናስበው በላይ እውነት ይዟል ባይ ነኝ። እያንዳንዱ ሰው የራሱንና የቤተሰቡን ጥቅም በይፋ የሚያስቀድምበት፣ የሌላውንም ተመሳሳይ መብት የማይነካበት ማኅበረሰብ፣ ሰዎች ስለ ሌላው ራሳቸውን እንዲሠዉ ከሚታዘዙበት ማኅበረሰብ ይልቅ ጠግቦ ያድራል፤ በሰላምም ይኖራል። ራስ ወዳድነት የምለው ይህንን ነው፤ ስርቆትና ቅሚያ አይገቡበትም። በተቃራኒው የቆመው ፈረንሳዊው ፈላስፋ ኦጉስት ኮምት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስም አውጥቶ ያስፋፋው፣ የሥነ ምግባር ሁሉ መሠረት ለሌላው መኖር ነው የሚለው ትምህርት ነው። ሁለቱን ለመመዘን ቤኒሻንጉል ጉሙዝን የሚያህል ማስረጃ ያለው ቦታ በአገራችን ብዙ አይገኝም።

በ1977 ዓ.ም. ረሃቡ ወሎንና ትግራይን ሲያራቁት ደርግ 1.5 ሚሊዮን ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ለማስፈር ወሰነ። ዘመቻው በ1978 ዓ.ም. እስኪገታ ድረስ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ተጓጓዘ፤ ከዋነኞቹ መድረሻዎች ሁለቱ አሶሳና መተከል ነበሩ። በኋላ በጣሊያን ገንዘብ የጣና በለስ ፕሮጀክት የተገነባበት የፓዊ ሰፈራ ብቻውን 80,000 ያህል ሰው ተቀበለ። በአሶሳ ዙሪያ ያሉት አምባ 14ና ሰልጋ 24 ያን ጊዜ የተሰጣቸውን ቁጥር እስከ ዛሬ ከስማቸው ጋር ይዘው ይኖራሉ። የተራበውን ማዳን የሚለውን ዓላማ ማንም ሊነቅፈው አይችልም። ከሠራተኛው ደመወዝ ተዋጣ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለሰፋሪው ጎጆ ሊቀልሱ ዘመቱ። ሰፋሪውን ራሱን ግን የጠየቀው አልነበረም። ብዙዎች እርዳታ ሊቀበሉ በመጡበት ተይዘው ተጫኑ፤ ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ ተለያዩ፤ የደጋ ሰው ወባና ገንዲ ባለበት ቆላ ተራገፈ። በሺዎች የሚቆጠሩት በጉዞና በመጀመሪያዎቹ ወራት አለቁ። ይህን በይፋ ያወገዘው የፈረንሳይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን በ1978 ዓ.ም. ከአገር ተባረረ።

ከዚያ በኋላ በእርሻው ላይ የሆነውን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ሰፋሪው በአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ የጋራ ማሳ ላይ ይሰማራል፤ የዕለት ሥራው በነጥብ ይመዘገባል፤ አዝመራው ሲገባ በነጥቡ ልክ ይካፈላል። ከንጋት ጀምሮ ወገቡን ታጥቆ የቆፈረውና ከሰው መሃል ሆኖ ቀኑን ያሳለፈው በመዝገቡ ላይ ብዙም አይራራቁም። በጎጆው ዙሪያ ግን ለየቤተሰቡ የተተወች ጠባብ ጓሮ አለች፤ በቆሎው፣ ጎመኑ፣ በርበሬው የሚኮተኮተው እዚያ ነው። ሰፈራውን በቦታው ተገኝተው ያጠኑ እንደ ደሳለኝ ራህመቶና አሉላ ፓንክኸርስት ያሉ ምሁራን ሰፋሪው ለጋራው እርሻ ልቡን እንዳልሰጠና የግል መሬት አጥብቆ ይፈልግ እንደነበር ጽፈዋል። የካቲት 1982 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጁ፣ በመላው አገሪቱ ገበሬው በጥቂት ወራት ውስጥ የጋራውን ማሳ ተከፋፈለ። አሥር ዓመት ሙሉ ስለ ወል ጥቅም የተሰበከለት ሕዝብ ምርጫው በእጁ ሲገባ ወዴት እንደሚያዘነብል ለማወቅ ከዚህ የበለጠ ፈተና አያስፈልግም።

ምክንያቱ የሰፋሪው ስንፍና አይደለም፤ ያው ሰው ጓሮው ላይ ትጉህ ነበርና። የራሱን ማሳ የሚያርስ ሰው ሲሳሳት የሚራበው እሱ ስለሆነ ስህተቱን ቶሎ ያርማል። አፈሩን፣ ዝናቡን፣ የልጆቹን ቁጥር ከማንም በላይ የሚያውቀውም እሱ ነው። ስለ ሌላው የሚወስን ባለሥልጣን ግን ሲሳሳት ዋጋውን የሚከፍለው ሌላው ነው፤ ባለሥልጣኑን ዓላማው ቅን መሆኑ ያጽናናዋል፤ ስህተቱም ይቀጥላል። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው ሥራው፣ ሰው የራሱን ጥቅም ሲፈልግ ብዙ ጊዜ ማኅበረሰቡን ሆን ብሎ ሊጠቅም ከተነሳበት ጊዜ የተሻለ ይጠቅመዋል ያለው ይህን አይቶ ነው። የፓዊና የአሶሳ ታሪክም ይህንኑ በብዙ ሰው ሕይወት ዋጋ አረጋግጦታል።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል፦ የደርግ ሥራ ግፍ ነው እንጂ ለሌላው ማሰብ አይደለም፤ እውነተኛ መሥዋዕትነት በፈቃድ የሚከፈል ነው። በፈቃድ የሚከፈለውን አልነቅፍም። ጥያቄዬ ግፈኛውን ምን አስታጠቀው የሚል ነው። አንድ ሰው የራሱን ጥቅም ማስቀደም ነውር ነው ብለን ካስተማርን በኋላ፣ «መሬቴን አልለቅም፣ ወደማላውቀው አገር አልሄድም» የሚለውን ገበሬ በምን እንከላከልለታለን? እምቢታው ራሱ የራስ ወዳድነት ማስረጃ ይሆንበታል። መሥዋዕትነትን የምግባር ሁሉ መለኪያ ያደረገ ትምህርት ሁልጊዜ መሥዋዕቱን የሚሰበስብ ሰው ይፈልጋል፤ ሰብሳቢውም ከጉልበተኛ ወገን አይጠፋም። የገበሬው እምቢታ ክብር የሚያገኘው ለራስ ማሰብ ክብር ሲያገኝ ብቻ ነው።

እምቢ ማለት ያልቻለው ሰፋሪው ብቻ አልነበረም። የበለስ ሸለቆ ለእቅድ አውጪዎቹ ባዶ መሬት መሰላቸው። ለነባሩ የጉሙዝ ሕዝብ ግን አንዱን ማሳ ሲያርስ ሌላውን እያሳረፈ የሚዘዋወርበት፣ የሚያድንበት፣ ማር የሚቆርጥበት አገሩ ነበር። ለአንዱ የተደረገው ቸርነት ከሌላው ኪስ ተከፈለ፤ ብዙ ጉሙዞችም ከቀያቸው ተገፉ። በሁለቱ መካከል ቂም ያበቀለው ይህ አደራረግ ነው። የሚያስደንቀው ግን ማንም ሳያዝዝ የተፈጠረው ግንኙነት ነው። ጉሙዙ መሬት አለው፤ በሬ ጠምዶ የማረስ ልማድ ግን አልነበረውም። ሰፋሪው በሬና የማረስ ልምድ አለው፤ መሬት ያንሰዋል። ሁለቱ የእኩል እርሻ ተዋዋሉ፤ ምርቱን ተካፈሉ፤ በገበያም ተገናኙ። ከዚያ ቀደም ብሎም በመተከል ጉሙዝን ከጎረቤቶቹ ጋር ያስተሳስር የነበረው የሚቹ ወዳጅነት መሬትን፣ ጉልበትንና ጥበቃን የሚያለዋውጥ የጋራ ጥቅም ነበረበት። እነዚህ ሰዎች እርስ በርስ ለመከባበር በመጀመሪያ መዋደድ አላስፈለጋቸውም፤ አንዱ የሌላውን ጥቅም ማወቁ በቃ። ፍቅር ከመጣ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ወርቅ ነው። በመንጌ፣ በኩርሙክና በሸርቆሌ ወረዳዎች የበርታ ሴቶች ከጉድጓድ የወጣውን አፈር በገበቴ ይዘው ውሃ ዳር ይቀመጣሉ። ገበቴውን እያሽከረከሩ ያጥቡታል፤ ቀላሉ አፈር በውሃው ይወሰድና ከሥር ጥቁር አሸዋ፣ ከአሸዋውም መሃል ጥቂት የወርቅ ቅንጣት ይቀራል። ያን ወርቅ ለብሔራዊ ባንክ አስገቡ፣ አገር የውጭ ምንዛሬ ቸግሯታል የሚል ጥሪ ለዓመታት ሲተላለፍ ኖረ፤ ኮንትሮባንዲስት የተባለው ሁሉ ተወገዘ። በትይዩ ገበያ ዶላር ከባንኩ ዋጋ እጥፍ ገደማ በነበረበት ጊዜ ግን ወርቁ ድንበር አቋርጦ ይሄድ ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ተመን ለገበያ ሲለቀቅና ለአምራቹ የሚከፈለው ዋጋ ከእውነተኛው ሲቀራረብ፣ በበጀት ዓመት 4 ቶን ገደማ የነበረው የአገሪቱ የወርቅ ኤክስፖርት በሚቀጥለው ዓመት ከ30 ቶን በላይ ሆነ። የወርቅ የዓለም ዋጋ መጨመሩም አግዟል፤ የአምራቹ ፍቅረ አገር ግን በአንድ ዓመት በስምንት እጥፍ አላደገም። ዋጋው ሲስተካከል የእሱም የአገርም ጥቅም በአንድ መንገድ ሄዱ። ይህ ከማንኛውም የአደባባይ ጥሪ በላይ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ሠርቷል።

ከዚህ ምድር ታሪክ ግን ለእኔ ሐሳብ እጅግ የሚከብድ ተቃውሞ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1820 እና 1821 የግብፁ ሙሐመድ ዓሊ ጦሩን ወደ ሱዳን ያዘመተው፣ ዓይኑንም ወደ ቤኒሻንጉል የጣለው፣ ወርቅና ባሪያ ፈልጎ ነው። ከዚያም በኋላ የአካባቢው ገዢዎች፣ የአሶሳውን ሼክ ሆጀሌ አልሐሰንን ጨምሮ፣ በወርቅና በሰው ንግድ በለጸጉ። ራስ ወዳድነት ይህ ከሆነ ማን ሊከራከርለት ይደፍራል? ማንም፤ እኔም አልደፍርም። የባሪያ ነጋዴው ኃጢአት ግን ለራሱ ማሰቡ ላይ አይደለም ያለው፤ የተሸጠው ሰውም ለራሱ የማሰብ እኩል መብት እንዳለው መካዱ ላይ ነው። ባርነት አንድ ሰው ሙሉ ሕይወቱን ለሌላው ጥቅም እንዲኖር መገደድ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በላይ የሚቃወመው፣ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ነው የሚለው መርህ ነው። አንድ ጉልበተኛ ብቻ ለራሱ የሚያስብበት ሥርዓት የግፍ ሥርዓት ነው፤ መድኃኒቱም ሁሉም ለራሱ እንዲያስብ መፍቀድ ነው።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ የመተከልን ደም ማለፍ አይቻልም። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ በአንድ ጥቃት ብቻ ከ100 በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ በዚያ ዘመን ከየወገኑ የሞተውና የተፈናቀለው እጅግ ብዙ ነው። ስግብግብነት ያመጣው ነው የሚሉ አሉ፤ የመሬት ሽሚያው ድርሻ እንዳለው አልክድም። ነገር ግን ተኝቶ ያደረ ጎረቤትን ለመግደል የሚወጣ፣ እዚያም ሊሞት የሚችል ሰው የራሱን ጥቅም ብቻ ቢያሰላ ኖሮ ማሳውን ማጨድ ይሻለው ነበር። ወጣቱን ለዚህ የሚያዘጋጀው «ስለ ወገንህ ሙት» የሚል ስብከት ነው። ራስን ለቡድን መሠዋት የግል ኅሊናን ዝም የማሰኘት ኃይል አለው፤ ሰው ለራሱ ሊያደርገው የሚያፍርበትን ነገር ለወገኑ ሲል ያደርገዋል። ገበያውንና የእኩል እርሻውን ያፈረሰው ይህ እሳት ነው። በየቀኑ የራሳቸውን ጥቅም ሲፈልጉ የተገናኙ ሰዎች ያበጁትን ትስስር፣ ስለ ወገን መሥዋዕት ነን ያሉ ታጣቂዎች በጥቂት ወራት በጣጠሱት።

ሃይማኖተኛው አንባቢ ግን ይህ ሁሉ ከእምነታችን ጋር እንዴት ይታረቃል ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በአሶሳ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ጎን ለጎን መስጠትን ይሰብካሉ። ሁለቱም ግን የሰጪውን ራስ አላጠፉም። በእስልምና ዘካ ግዴታ የሚሆነው ሀብት ኒሳብ የተባለው መጠን ላይ ሲደርስና ዓመት ሲሞላው ነው፤ ለመስጠት መጀመሪያ ማፍራት ያስፈልጋል ማለት ነው። ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ ታሞ ሳለ አብዛኛውን ሀብቱን ለምጽዋት ለማዋል ሲጠይቅ፣ ነቢዩ ሙሐመድ የፈቀዱለት ሲሶውን ብቻ እንደሆነና እሱም ብዙ መሆኑን እንደነገሩት፣ ወራሾችን ለማኝ አድርጎ መተው እንደማይሻል እንዳስተማሩ ሐዲስ ይዘግባል። በወንጌልም ባልንጀራን የመውደድ መለኪያው ራስን መውደድ ነው። ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ሰው የረዳው በራሱ እንስሳና በራሱ ዲናር ነው፤ ከዚያም ጉዞውን ቀጠለ። ቁስለኛውን ያስታመመው የእንግዳ ማረፊያ ባለቤትም ሒሳብ ተከፍሎታል። በመስቀል ላይ የተከፈለው መሥዋዕትም በክርስትና ትምህርት በገዛ ፈቃድ የተሰጠ ነው። ከዚህ ሁሉ፣ አንዱ ሰው ሌላውን እንዲሠዋ ሊያዝ ይችላል የሚል ፈቃድ አይወጣም።

የመጨረሻው ተቃውሞ ምንም የሚለዋወጠው ስለሌለው ሰው ነው፦ ከሱዳን ጦርነት ሸሽቶ በኩርሙክ በኩል የሚገባው፣ በሸርቆሌ፣ በባምባሲና በጾሬ ካምፖች የሚኖረው ስደተኛ ምን ይሁን? ነፍሱን ማዳን የሚቀድም ነው፤ የሚሰጠውም ይመስገን። ነገር ግን በሌላው ቸርነት ብቻ መኖር ምን ያህል እንደሚያሰጋ በ2015 ዓ.ም. አይተናል። እርዳታ ለማይገባቸው እየዋለ ነው በሚል ምክንያት የአሜሪካ የልማት ድርጅትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም ሰኔ ላይ በመላው ኢትዮጵያ የምግብ እርዳታን ሲያቆሙ፣ በቆላው ያለ ስደተኛ ባላጠፋው ጥፋት ተቀጣ፤ የእሱ ራሽን እንደገና የተጀመረው በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ የሚበልጠው መንገድ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1110 የከፈተው፣ ስደተኛ ሠርቶ እንዲኖር የሚፈቅደው በር ነው። በሩ ገና በጠባቡ ነው የተከፈተው፤ ሰውን ከተረጂነት አውጥቶ የሚፈለግ ሠራተኛና ደንበኛ የሚያደርገው ግን ይህ ነው።

ስለዚህ ስለ ማኅበረሰብ ደኅንነት የምንጨነቅ ሁሉ ምስጋናችንንና ወቀሳችንን እንደገና እንመዝን። ማሳውን የሚጠብቅ፣ ዋጋ የሚከራከር፣ ልጆቹን የሚያስቀድም ሰው ሊታፈርበት አይገባም፤ የሰፈሩ ምሶሶ እሱ ነው። ነገ ሌላ ሰፈራ፣ ሌላ የኢንቨስትመንት መሬት፣ ሌላ የማዕድን ፈቃድ ወደዚህ ክልል ሲመጣ፣ «ለሕዝብ ጥቅም ነው» የሚለው ቃል ማንንም ሊያሳምን አይገባም፤ የ1977ቱ ዘመቻም ይህን ቃል ይዞ መጥቶ ነበር። መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ የሚነካው ሰው፣ ጉሙዙም፣ በርታውም፣ ሰፋሪውም፣ እምቢ ማለት ይችላል ወይ? እምቢ ማለት የማይችል ሰው የሚሰጠው ሁሉ የተወሰደበት ነው፤ እምቢ ማለት የሚችል ሰው እሺ ሲል ግን ሁለት ወገን ይጠቀማል።