ርስትና እንደራሴ

የሕዝብ እንደራሴ ሲባል በእውነት የሚወከለው ምንድን ነው? ምድሩ ነውን፣ በምድሩ ላይ የሚኖረው ነፍስ ነውን፣ ወይስ ሁለቱን በወረቀት ላይ ያቈራኘው ሕግ? ይህን ለመመርመር በጐንደር ከጉና ተራራ ግርጌ እስከ በሽሎ ሸለቆ እንደተዘረጉት እንደ ጋይንት፣ እንደ ስማዳና እንደ እስቴ ያለ የሚያመች አገር ጥቂት ነው፤ በዚያ ሰው ራሱን የሚያስታውቀው በአባቱና በእናቱ በኩል በሚቈጥረው ሐረገ ትውልድና በደብሩ ታቦት ሆኖ ሳለ፣ የምርጫ ክልል የተባለው ነገር የመጣው የነፍስ ቍጥር ይዞ ነበርና።

በ1923 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት እንደራሴዎችን የመምረጥ ሥልጣን፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ፣ ለመኳንንቱና ለሹማምንቱ ተሰጥቶ ነበር። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን ሕዝቡን እንደ በቃ ቈጥሮ፣ ግዛቱን 200,000 ያህል ነፍስ በሚይዙ ክልሎች ከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት እንደራሴ መደበ፤ በዚሁም መሠረት ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ መረጠ። የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረምና ተመራጩ ሊያቀርብ የሚችለው ስሙንና ዝምድናውን ነበር።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የንብረቱ ግዴታ ነው። የምርጫው ሕግ እንደራሴዎቹ ለሚቀመጡበት ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው በክልሉ ውስጥ 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ፣ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት እንዲኖረው አዘዘ። የሕግ አውጪው አሳብ ግልጽ ነው፤ በአገሩ ሀብት የሌለው በአገሩ ጕዳይ አይቈረቈርም ማለቱ ነው። ነገር ግን ርስት ከቀደመው አባት በመወለድ የሚጠየቅ፣ ብዙ ወራሾች በአንድነት መብት የሚያነሡበት፣ ለባዳ መሸጡም እንደ ነውር የሚታይ ሀብት ከሆነ፣ ገበያ ያልወጣውን መሬት በብር የሚገምተው ማን ነው? ሕጉ በደም የሚቈጠረውን ዝምድና በገንዘብ ሊሰፍር ሲነሣ፣ ከምድሩ ጋር እጅግ የተሳሰረውን ሰው ዋጋ የሌለው ሊያደርገው ይችል ነበር፤ የጐንደርን ገበሬ የሚያውቅ ሰው ሕጉን ቢያረቅቅ ኖሮ እንዲህ የሚጽፍ አይመስለኝም።

ክልልና ሕዝብም ሊለያዩ ይችላሉ፤ በእንግሊዝ አገር ኦልድ ሳረም የተባለ ነዋሪ አልባ ኰረብታ እስከ 1832 እ.ኤ.አ. ድረስ ሁለት እንደራሴ ወደ ፓርላማ ይልክ ነበር። በዚያ ሕዝቡ ጠፍቶ ክልሉ ቀረ፤ በእኛ አገር ግን፣ ኋላ እንደምናየው፣ ክልሉ ጠፍቶ ሕዝቡ ቀረ። ስለዚህ ክልል የሕግ ፍጥረት ነው ብል አልሳሳትም፤ ግን ፍጥረቱን የሚሽረው ማን ነው?

በዚያ ሕገ መንግሥት የመጨረሻው ምርጫ በ1965 ሲደረግ የስማዳ ገበሬ ድምፁን የሰጠው ለአራት ዓመት ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዙፋኑን የገለበጠው ወታደራዊ ደርግ ምክር ቤቱን ሲዘጋ ከዘመኑ የሚበዛው ገና ይቀር ነበር፤ ውክልናውን የሻረውም ውክልናውን የሰጠው መራጭ አልነበረም። ሕገ መንግሥቱ ከዙፋኑ በጎ ፈቃድ የተሰጠ ነበርና ዙፋኑ ሲወድቅ አብሮ ወደቀ ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን እንዲህ ከሆነ፣ ገበሬው ቀድሞውንም የሰጠው ሥልጣን አልነበረም ማለት ነው።