ስለ አደራ ዕቃ

ከመቅደላ የተዘረፈው ቅርስ ይመለስልን የሚል ንግግር በተነሣ ቁጥር እኔም ከሰው ጋራ አብሬ እጮኻለሁ፤ ስጮኽ ግን በልቤ አፍራለሁ። የማፍርበትን ምክንያት ለእናንተ ለወጣቶች መናገር ይገባኛል ብዬ ይህን ጻፍሁ። ጥያቄዬም ይህ ነው፤ ራሱ የአደራ ዕቃ ያሳለፈ ሰው ሌላውን «አደራዬን መልስ» ለማለት ይችላልን?

ያደግሁት ሐይቅ ነው። አገሩን ያላየ ሰው ቢኖር ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሄድ ውሃውን ከነገዳሙ ያገኘዋል። በዚህ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በ13ኛው መቶ ዓመት የነበሩት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስጻፉት አራቱ ወንጌል አለ። የተጻፈው በ1273 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ጦር፣ ስንት እሳትና ስንት ረኀብ በአጠገቡ አልፏል! የጠበቁት ሰዎች ባለጸጎች አልነበሩም፤ ብዙዎቹ ቆሎ ቆርጥመው የሚያድሩ መነኮሳት ነበሩ። መጽሐፉን ያተረፈው ከእነዚያ ሁሉ ሰዎች አንዱም «የእኔ ነው» ባለማለቱ ይመስለኛል። የእኔ ነው የሚል ቢኖርማ ኖሮ፣ በክፉ ቀን ልጆቹን ለማብላት በሸጠው ነበር፤ ማንስ በፈረደበት?

አሁን ወደ ነውሬ ልመለስ። በ1987 ዓ.ም. ክረምት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ እንግሊዝኛ የሚችል ልጅ ፈልጎ አንድ የውጭ አገር ሰው አገኘኝ። የብራና መጽሐፍ እንደሚወድ ነገረኝና አምባሰል ውስጥ ስሙን ወደማልጠራው መንደር ይዤው ሄድሁ። እዚያ የአንድ ቄስ ባልቴት ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗል፤ የነሐሴ ወር ስለ ሆነ ጎተራው ባዶ ነው። ከምሰሶው ላይ ማኅደሩን አውርደው አንድ ትንሽ ዳዊት አወጡና ለእኔ ሰጡኝ።

«ልጄ፣ አንተ ተምረሃል፤ እስቲ እየው። የመምሬ ይሁን የደብሩ እኔ ፊደል አላውቅም» አሉኝ።

ገለጥሁት። በመጨረሻው ቅጠል ላይ፣ አንድ ሰው መጽሐፉን ለነፍሱ መድኃኒት ብሎ ለደብሩ ታቦት እንደ ሰጠ ተጽፏል። እንደ ልማዱም የሰረቀው ወይም ጽሕፈቱን የፋቀው ሰው የተገዘተ እንዲሆን ይላል። ግእዙ ከባድ አልነበረም፤ አነበብሁት፤ ገባኝም። ከዚያም ቀና ብዬ «የመምሬ ነው፤ የሌላ ሰው ስም የለበትም» አልሁ።

ሴትዮዋ 600 ብር ተቀበሉ፤ እኔ 100 ብር ተቀበልሁ። ለገዢው ስለ ጽሕፈቱ ምንም አልነገርሁትም። እርሱም አልጠየቀኝም። ያልጠየቀው መልሱን አስቀድሞ ስላወቀው እንደ ነበረ የገባኝ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ሕግ አልነበረም እንዳትሉኝ። ስለ ጥንታዊ ቅርሶች አዋጅ ቁጥር 229 የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው። በኋላም በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ የያዘ ሰው እንዲያስመዘግብ፣ ያለ ፈቃድም ከአገር እንዳያወጣ አዘዘ። ዳሩ ግን በዚያች ጎጆ ውስጥ ሕጉን ሊያስፈጽም የሚችል ሰው አንድ ብቻ ነበረ፤ እርሱም ማንበብ የሚችለው ነበረ።

ከአምባሰል ወደ ምዕራብ መቅደላ አለ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ከሞቱ በኋላ፣ የጄኔራል ናፒየር ጦር የአምባውን ግምጃ ቤትና የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን በረበረ። ከሳምንት በኋላም በሽሎን ተሻግሮ ደላንታ ሜዳ ላይ ጨረታ ተደረገ። ከገዢዎቹ ዋናው ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆምስ ነበረ። ገንዘቡ ለጦሩ ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ ወታደር አራት ብር ያህል ደረሰው። የብሩ ዋጋ ባይተካከልም፣ እኔ መቶ አግኝቻለሁ።

እንግሊዞችም ነገሩ ልክ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር። በ1863 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስተን በፓርላማ ቆሞ ዕቃው ከአገሩ በመምጣቱ ማዘኑን ገለጸ፤ ጄኔራል ናፒየር ራሱ ዕቃው ወደ አገሩ እስኪመለስ ድረስ በአደራ ይቀመጥ እንዳለም ተናገረ። በዓመቱ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ክብረ ነገሥትና ኵርዓተ ርእሱ የተባለው ሥዕል እንዲመለሱላቸው ጻፉ። ክብረ ነገሥቱ ተመለሰ፤ ሥዕሉ ግን አልተገኘም ተባለ። ሥዕሉ የነበረው በዚያው በሆምስ ቤት ነበረ። እኔ በጎጆዋ ውስጥ ያልሁትን «ስም የለበትም» የሚለውን ቃል፣ እርሱ በዝምታው ተናግሮታል።

«እኛ ባንወስደው ኖሮ ይጠፋ ነበር» የሚሉ አሉ። ይህን ነገር አልንቀውም፤ ብዙ ሌሊት ራሴን ያስተኛሁበት ነውና። እውነትም ያንን ዳዊት አይጥ ጀምሮት ነበር፤ ምናልባት ዛሬ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተመቻችቶ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ሕፃን ከጎርፍ ያወጣ ሰው ልጁን ለእናቱ ይመልሳል እንጂ፣ ከጎርፍ አውጥቼዋለሁና ልጄ ነው አይልም። «ዓለም እንዲያየው ነው» የሚሉትም አሉ። በብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት 11 ታቦታት ግን ለማንም አይታዩም፤ ተሸፍነው ተዘግቶባቸዋል። የማይታይን ነገር ለማሳየት ብሎ መያዝ ምን ዓይነት ምክንያት እንደ ሆነ አላውቅም። በ1955 ዓ.ም. የወጣው ሕጋቸው ሙዚየሙ ከጥቂት ምክንያት በቀር ዕቃውን እንዳይሰጥ ይከለክለዋል፤ ሕጉን ያወጡት ግን ራሳቸው ናቸው።

የሚከለክል ሕግ ያልነበረበት ሰው ምን እንዳደረገ ደግሞ እዩ። በስኮትላንድ፣ በኤድንብራ ከተማ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ኖሮ የነበረ አንድ ቄስ በቤተ ክርስቲያኑ ቁም ሣጥን ውስጥ የመቅደላን ታቦት አገኘ። ምን እንደ ሆነ ስላወቀ ዝም አላለም። ታቦቱ በ1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። ያ ቄስና እኔ አንድ ዓይነት ነገር አግኝተን ነበር፤ ሁለታችንም ምን እንደ ሆነ ማወቅ ችለናል።

እንግዲህ የበደለ ሰው መጠየቅ ይችላልን? ይችላል እላለሁ። ዕዳው የእኔ ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ነውሬ አፌን በዘጋው ነበር፤ ነገር ግን ዕቃው የሰጪዎቹ ሙታንና ገና ያልተወለዱት ነው። የጠያቂው እጅ መቆሸሽ የተጠያቂውን እጅ አያነጻም። ነገር ግን የእኔ ቢጤ ጠያቂ አስቀድሞ የራሱን መናገር አለበት። አለዚያ ጩኸቱ ያው የጨረታ ጩኸት ነው።

ስለዚህ በ2012 ዓ.ም. ወደዚያ ደብር ሄድሁ። ባልቴቲቱ አርፈዋል። አለቃው ሁሉንም ጸጥ ብለው ሰሙኝ፤ ይቈጡኛል ብዬ ስጠብቅ የንብረቱን መዝገብ አስመጡ።

«ልጄ፣ መጽሐፉን ማምጣት ባትችል የተጻፈበትን ንገረኝ፤ የሰጪው ስም ማን ነበረ? በጸሎት እንድናስበው» አሉኝ።

የስሙን የመጀመሪያ ቃል ብቻ አስታወስሁ። አለቃው በመዝገቡ ላይ «አንድ ዳዊት፣ ገብረ» ብለው ጻፉና ቀጥሎ ያለውን ቦታ ባዶ ተዉት።