ገበያ የሄደች እናት

«እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ።»

እማዬ ይህን የምትተርትብኝ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ እስራኤል አገር ሬሆቮት ከተማ ውስጥ ቅርያት ሞሼ በሚባለው ሰፈራችን፣ የልጄ ጋን በር ላይ ነው። የሦስት ዓመቱ የመጨረሻ ልጄ ቀሚሴን በሁለት እጁ ጨምድዶ ሰፈሩን በጩኸት ያናውጠዋል። እሷ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የሕፃን ጋሪው ላይ ተደግፋ ትስቃለች። «ተይው፣ የሞትሽ መስሎታል። ገበያ መሄድሽን ማን ይንገረው?»

«ጋን» ያልኩት የሕፃናት መዋያውን ነው፤ በዕብራይስጥ የአትክልት ቦታ ማለት ነው። እማዬ ግን ዕድሜዋን ጭቃ ስታቦካ፣ ጀበናና ምጣድ፣ እንስራና ጋን ስትሠራ የኖረች የጎንደር ሸክላ ሠሪ ናት። እዚህ አገር በገባን ሰሞን አንዲት ጎረቤታችን «ልጄን ጋን አስገብቼ መምጣቴ ነው» ስትላት ክው ብላ ቀረች። የመምህሯ ስም ደግሞ «ጋኔኔት» ነው ሲሏት ነገሩ ባሰ፤ ልጅን ጋን ውስጥ ከትቶ ለጋኔን የሚሰጥ አገር መጣን ብላ «የእስራኤል አምላክ ይጠብቀን» አለች። ዛሬም እዚያ በር ላይ ስትቆም ፈገግ የምትለው ያን እያስታወሰች ይመስለኛል።

ወደ ተረቱ ልመለስ። ሰው ይህን ተረት የሚያመጣው ለማሳፈር ነው። ቤቱ የተቃጠለበትና ጣሪያው የሚያፈስበት እኩል ሲያማርሩ፣ ተረቱ የሚወረወረው ወደ ሁለተኛው ነው። አንተ ምን ሆንክና ነው? እናትህ ማታ ትመጣልህ የለ? ይለዋል። ስብሰባ ላይ ሰምቼዋለሁ፣ ጋዜጣ ላይ አንብቤዋለሁ፣ ራሴም ደሞዝ አነሰኝ እያለች ስትነጫነጭብኝ ለነበረች የሥራ ባልደረባዬ ተርቼባታለሁ። አፍ ያስይዛል።

ያወጣው ሰው ግን ልጅ እንዳልነበረ እርግጠኛ ነኝ። የተረቱ ገበያ የገጠር ገበያ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን የሚቆም፣ እናት ጎህ ሳይቀድ ሸክሟን አዝላ ወጥታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የምትመለስበት። ገበያ መፈታቱ እንደማይቀር ትልቅ ሰው ያውቃል። የሦስት ዓመት ልጅ ከየት ያውቃል? ለእሱ «ማታ» ገና ያልታየ አገር ነው። እኛ ቤት ደግሞ ገበያው ራሱ በሃይማኖት የታጠረ ነበር። የጎንደር ስመ ጥሩው ገበያ ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ለእኛ ለቤተ እስራኤል፣ ለኢትዮጵያ አይሁዶች፣ ቅዳሜ ሰንበት ነው፣ እሳት የማይነድበት፣ ሸክም የማይነሳበት። ስለዚህ እማዬ እንስራዋን ይዛ የምትወጣው ማክሰኞ ወደሚቆመው ገበያ ነበር፤ የእኛ ቤት ልቅሶም ማክሰኞ ማክሰኞ ነበር።

«እኩል» የምትለዋ ቃል ላይ የቆምኩት ልጄ ጋን በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ልምድ ያላቸው ሴቶች «ጨዋታ ሲይዘው ሹልክ ብለሽ ውጪ» ብለው መከሩኝ። እኔም ሹልክ አልኩ። ከሰዓት በኋላ ልወስደው ስመጣ የጋኔኔቷ ረዳት እስከ ምሳ ማልቀሱን ነገረችኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ቦርሳውን አቅፎ፣ ማንንም ሳያይ። በማግስቱ ቁጢጥ ብዬ ዓይን ለዓይን እየተያየን «ሥራ እሄዳለሁ፤ ምሳ በልተህ፣ ተኝተህ፣ ግቢው ውስጥ ተጫውተህ ስትጨርስ እመጣለሁ» አልኩት። ልቅሶው አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨመረ። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ሳየው ግን ወደ መስኮቱ ሄዶ ቆመ። አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ፣ በሩን እያየ ያለቅሳል። ከሰዓት በኋላ ስመጣ የአፍንጫው አሻራ ከነእንባው ደርቆ መስታወቱ ላይ ነበር፤ ከወገቤ ዝቅ ብሎ።

ተረቱን ያወጣው ሰው ጆሮ እንጂ ዓይን አልነበረውም አልኩ። ሲሰሙት እኩል ነው፤ አልዋሸም። ግን አንዱ ወደ መሬት እያየ ያለቅሳል፣ ሌላው ወደ መንገድ እያየ። ይህን ለማወቅ ልቅሶውን መስማት አይበቃም፤ ጠጋ ብሎ የልጁን ፊት ማየት ያስፈልጋል።

ከዚያ ወዲህ እንዳያለቅሱብኝ ብዬ ልጆቼን የማልወስድበት ቦታ የለም። ፈሪነት ነው፤ አውቃለሁ። ዓርብ ጋንም ትምህርት ቤትም ቀደም ብሎ ስለሚለቅ፣ ሦስቱን አሰልፌ፣ እማዬን አስከትዬ እወጣለሁ። የዓርብ ጉዞ በሰዓት የተለካ ነው፤ ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ይቆማል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዳቦው መጋገር፣ ልጆቹ መታጠብ አለባቸው። አንዳንድ ጊዜ ሚንኮቭ የሚባለው የአትክልት ሙዚየም እንደርሳለን፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1904 የተተከለ የብርቱካን እርሻ ነው። ይህች ከተማ በብርቱካን ያደገች ናት፤ አርማዋ ላይ ሳይቀር ብርቱካን አለ። ልጆቹ ግን የሚወዱት እዚያ ያለውን የውሃ ጉድጓድ ነው። አፉ ላይ ቆመው ስማቸውን ይጣራሉ። እማዬም ሁልጊዜ ያንኑ ታሪክ ትነግራቸዋለች፦ ይስሐቅ ጉድጓድ ሲያስቆፍር ሁለቱ ላይ እረኞች ተጣሉት፣ ሦስተኛው ላይ ማንም አልተጣላውም፤ «ርኆቦት» ብሎ ሰየማት፣ እግዚአብሔር አሰፋልን ሲል። በ1890 ከተማዋን የቆረቆሯት ሰዎች ስሟን የወሰዱት ከዚያ ነው። ትልቋ ልጄ «ታዲያ የእኛ ቤት ለምን ጠበበ?» አለቻት አንድ ቀን። እማዬ መልስ አላጣችም፤ «አሰፋልን ያለው ጉድጓድ ነው፣ ኪራይ አይደለም።»

አንድ ዓርብ የከተማችን ገበያ ውስጥ ትንሹ ጠፋብኝ። ቲማቲም ስመርጥ እጁን ለቅቄው ነበር። አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው፤ የዳቦ መደብሩ ፊት ቆሞ አገኘሁት፣ ሰሊጥ እየለቀመ፣ ደስ ብሎት። ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ነጋዴው ውሃ ሰጠኝ። እማዬ አልተረተችም። እናት የጠፋችበት ልጅ ተረት አለው፤ ልጅ የጠፋባት እናት ምን እንደሚባልላት ጠየቅኳት። ዝም አለች። መጠየቅ ያልነበረብኝ ሴት ናት።

እኔ የተወለድኩት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1984 ነው። በቤተ እስራኤል ሥርዓት፣ ኦሪቱ እንደሚያዘው፣ የወለደች ሴት ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ከቤተሰቧ ተለይታ አራስ ጎጆ ትቀመጥ ነበር። ጎጆው ዙሪያውን በድንጋይ ይከበብ ነበር፤ ምግብ የሚያመጣላት ሰው ከድንጋዩ ወዲህ ሆኖ ያስቀምጥላት ነበር እንጂ አይነካትም። ሴት በመሆኔ እማዬ 80 ቀን ተፈረደባት። አጎቶቼ በዚያው ሰሞን በሱዳን በኩል ወደ ኢየሩሳሌም ለመውጣት ቆርጠው ነበር። ወሬው ካድሬ ጆሮ እንዳይገባ ሁሉም በሹክሹክታ ነው። እታለም የምላት ታላቅ እህቴ ያን ጊዜ 14 ዓመቷ ነው። ከድንጋዩ ወዲያ ቆማ «እማ፣ ከአጎቴ ጋር ገበያ ደርሼ ልምጣ» አለቻት። ቀኑ ማክሰኞ ስለሆነ የሚያጠራጥር ነገር አልነበረውም። እማዬም እኔን እያጠባች «ጨው እንዳትረሺ» አለቻት። አልተሳሳሙም፤ ድንጋዩ መሃላቸው ነበር።

እታለምና አጎቶቼ ሳምንታት በእግር፣ አብዛኛውን በሌሊት ሄዱ። ከዚያ ሱዳን ውስጥ ኡም ራኩባ የሚባል የስደተኞች ሰፈር ገቡ። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ ወገኖቻችን አለቁ፤ መታሰቢያቸው ኢየሩሳሌም፣ ሄርዝል ተራራ ላይ ቆሟል። በኖቬምበር 1984 የተጀመረው የሙሴ ዘመቻ ወደ 8 ሺህ ሰው በአውሮፕላን አወጣ፤ ወሬው ሾልኮ ዓለም ሲሰማ በጃንዋሪ 1985 ተቋረጠ። ቤተሰብ እኩሌታው እዚህ፣ እኩሌታው እዚያ ቀረ።

ለእማዬ ያን ጊዜ ይህ ሁሉ አልነበረም። ልጇ ገበያ እንደሄደች አልተመለሰችም፤ እሷ የምታውቀው ይህን ብቻ ነበር። ተረቱ ሁለት ልጆች ይቆጥራል፤ አንዱ የሞተችበት፣ አንዱ ገበያ የሄደችበት። እኛ ቤት ሁለቱም አንድ ሴት ሆነው ተቀመጡ። በየትኛው ታልቅስ? ጎረቤት «ተዝካሯን አውጪላት» ብሎ መከራት። እምቢ አለች። ተዝካር ካወጣች መንገድ ማየቷን ማቆሟ ነው። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ የማስታውሳት ማክሰኞ ማታ ማታ፣ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ጥላ፣ ሰው ከገበያ የሚመለስበትን ቁልቁለት ስታይ ነው። እንባዋ ይወርዳል፤ እጇ ግን ጭቃውን ያሻል። እዚያ አጠገቧ ተቀምጬ የምታለቅሰው ለማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። እሷም አታውቅም ነበር፤ ለሕያው ይሁን ለሙት።

በ1989 ኢትዮጵያና እስራኤል ግንኙነታቸውን አደሱ። በ1990 እንደ ብዙው የጎንደር ቤተ እስራኤል እኛም አዲስ አበባ ገብተን ተራ ጥበቃ ተቀመጥን፤ እታለም በሕይወት መኖሯን የሰማነው እዚያ ነው። በሜይ 24 እና 25፣ 1991፣ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲጓጓዝ እኛም ከመሃላቸው ነበርን። መጀመሪያ ያሳረፉን ሆቴል ውስጥ ነው። በሦስተኛው ቀን አንዲት የ21 ዓመት ሴት፣ ጂንስ ሱሪ ለብሳ፣ በሩ ላይ ቆመች። እማዬ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ከአፏ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ጨውስ?» የሚል ነበር። ሁለቱም ከዚያ በኋላ ያለቀሱት ልቅሶ የትኛው ተረት ውስጥ እንደሚገባ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስግድ በሚባለው በዓላችን ላይ እነዚህን ሁለት ልቅሶዎች አስባለሁ። አያቶቻችን ጎንደር ውስጥ አምቦበር በሚባል መንደር አጠገብ ተራራ ላይ ወጥተው፣ ጾመው፣ ቄሶቹ ኦሪት ሲያነቡ፣ ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም አዙረው ያለቅሱ ነበር። መቅደሷ ፈርሷል፤ ያ የሞት ልቅሶ ነው። እንመለሳለን ይላሉ፤ ያ ደግሞ የገበያ ልቅሶ ነው። ለኔ ሃይማኖት የሚመስለኝ ይኸው ነው፤ የሞተ የሚመስልን ነገር ገበያ እንደሄደ ቆጥሮ መንገድ ማየት። ስግድ ከ2008 ጀምሮ በሕግ ብሔራዊ በዓል ስለሆነ ዛሬ ከየከተማው አውቶቡስ ሞልተን ኢየሩሳሌም እንወጣለን፤ ለልጆቼ ከሁሉ የሚበልጥ ሽርሽር ነው። ባለፈው ጊዜ ትልቋ ሽማግሌዎቹ ሲያለቅሱ አይታ «አያቴ፣ ደርሰናል እኮ፤ ምን ያስለቅሳቸዋል?» አለች። እማዬም «መንገድ ማየት ለምዶብን ነው» አለቻት።

ተረቱ አፉን የያዘበትን አንድ ጠዋት ደግሞ ልናገር። በጁን 2025 የኢራን ሚሳይል እዚሁ ሬሆቮት የዋይዝማን የሳይንስ ተቋምን መታ፤ በርካታ ቤተ ሙከራዎች ወደሙ። ሌሊቱን መጠለያ ውስጥ ልጆቹ ሲያለቅሱ እናታቸው አጠገባቸው ነበርኩ፤ የሞትኩም ገበያ የሄድኩም አልነበርኩም፣ እኩል አለቀሱ። ጋን ለቀናት ተዘግቶ ሲከፈት ልቅሶ ትተው የነበሩት ሁሉ በሩ ላይ እንደ አዲስ ጀመሩ። እናቶቹም ልጆቻቸውን አስገብተው መኪናቸውን አላስነሱም፤ መሪ ይዘው ቁጭ። ተረቱ ገበያን የሚመለሱበት ቦታ ብሎ ነው የያዘው። ያን ዕለት ግን እመለሳለሁ ብሎ የሚምል ማንም አልነበረም። እማዬ ጋሪው ላይ ተደግፋ ዝም ብላ ቆመች፤ አልሳቀችም፣ አልተረተችም።

እናንተ ጠዋት ልጅ አድርሳችሁ ወደ ሥራ የምትሮጡ፣ ከልቅሶው ጋር አትጣሉ፤ ያልቅስ። ሹልክ ብላችሁ ግን አትውጡ። ወዴት እንደምትሄዱ ንገሩት፣ የምትመለሱበትንም እሱ በሚያውቀው ነገር፣ በምሳና በእንቅልፍ ቆጥራችሁ ንገሩት፤ ያላችሁት ጊዜ ላይም ድረሱ። የእኛ ጋን የሚዘጋው በአሥር ሰዓት ነው። ለአሥር ሩብ ጉዳይ በሩ ላይ እሆናለሁ ብዬዋለሁና እዚህ ላይ ላቁም።