ጥርስ ባዳ ነው

በሰው ጉዳት መሳቅ ነውር ነው ተብለን ያደግን ብዙ ነን። ይሁንና አዳልጦት የወደቀ ሰው አይቶ ሳቁን ለመያዝ ያልታገለ ማን አለ? ለመሆኑ በሌላው ሕመም መሳቅ የሚፈቀድበት ጊዜ ይኖር ይሆን? ቢኖርስ ፈቃጁ ማን ነው? ይህን ጥያቄ ያጫረብኝ የሊቃውንት ድርሳን አይደለም፤ ለታዳጊዎች በሥዕል የተተረከ መጽሐፍ ነው።

መጽሐፉ «ስማይል» ይባላል፤ «ፈገግታ» ማለት ነው። አሜሪካዊቷ ሠዓሊና ደራሲ ራይና ቴልገማየር ያሳተመችው እ.ኤ.አ. በ2010 ሲሆን በዓመቱ ለታዳጊዎች ከቀረቡ ሥራዎች ተመርጦ የአይዝነርን ሽልማት አግኝቷል። ታሪኩ የራሷ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች፣ አንድ ምሽት ጓደኞቿን ተከትላ ስትሮጥ ተደናቅፋ ትወድቃለች። ከላይኞቹ የፊት ጥርሶቿ አንደኛው ይወልቃል፤ ሁለተኛው ወደ ድዷ ይሰምጣል። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የሐኪም ወንበር፣ የጥርስ ማቃኛ ሽቦ፣ ቀዶ ሕክምናና ሰው ሠራሽ ጥርስ ናቸው። በመካከሉ እ.ኤ.አ. በ1989 ከተማዋን የመታው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥም አለ፤ እኔ ግን ሳነብ ከመሬቱ ይልቅ የተጨነቅሁት ለጥርሷ ነበር። ተጨንቄም አላበቃሁ፤ ደጋግሜ ሳቅሁ።

ታዲያ በዚያች ልጅ ጥርስ የሳቅሁት እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። ጓደኞቿ ቀድመውኛል። በጥርሷ፣ በአለባበሷና በጠጉሯ ሲቀልዱባት ዓመታት አልፈዋል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ ግን ቀልዱ ልኩን አለፈ፤ አንድ ቀን ጉርድ ቀሚሷን በሰው ፊት ወደ ታች ጎትተው አዋረዷት። ያን ጊዜ በቃኝ ብላ ተለየቻቸው፤ ሌሎች ጓደኞችም አገኘች።

እንግዲህ ጥርሱ አንድ ነው፤ ሳቁ ግን ሁለት ነው። የጓደኞቿን ሳቅ ኮንኜ የራሴን ንጹሕ ነው ለማለት ምን መብት አለኝ? ቀላሉ መልስ «እኔ ተጋብዤ ነው» የሚለው ነው። ባለ ጉዳይዋ ራሷ ሥላ፣ ራሷ ጽፋ፣ «ኑ ሳቁ» ብላናለች። ፈቃድ አለ ማለት ነው።

ነገር ግን ይህ መልስ አይበቃም። ጓደኞቿም እኮ «አብራን ትስቅ ነበር» ሊሉ ይችላሉ። የሀገራችን ሰው «ጥርስ ባዳ ነው» የሚለው ይህን ስለሚያውቅ ነው፤ ልብ እያዘነ ጥርስ ይስቃል። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ዩኒፎርሜ «ለከርሞም ያገለግላል» ተብሎ እጅግ ሰፍቶ የተሰፋ ነበርና «ድንኳን» የሚል ስም ወጣልኝ። «የድንኳኑ በር በየት በኩል ነው?» እያሉ ሲዞሩኝ ከሁሉም አስበልጬ የምስቀው እኔ ነበርሁ። ባልስቅ በዕረፍት ሰዓት አብሮኝ የሚቆም አይገኝም ነበር። ያን ሳቅ ፈቃድ ነው የሚል ካለ፣ ግብር የሚከፍል ሰው ሁሉ ስጦታ ሰጠ ሊል ነው።

ሌላም ክርክር ይነሣል። ብዕር የያዘው ሰውም እኮ ጉልበተኛ ነው። እነዚያ ልጃገረዶች ዛሬ ትልልቅ ሴቶች ናቸው፤ የልጅነት ክፋታቸው ግን በሥዕል ታትሞ ቀርቷል። ይህስ በቀል አይደለምን? ሊሆን ይችል ነበር፤ ደራሲዋ ራሷን ነጻ አውጥታ ቢሆን ኖሮ። እርሷ ግን በክፍል የሚያንሳት ልጅ በወደዳት ጊዜ አፍራ እንዴት እንደሸሸችው፣ እርሱም እንዴት እንዳዘነ አልደበቀችም። የተጎዳ ሰው ሌላውን ከመጉዳት እንደማይድን በራሷ መስክራለች። ለጓደኞቿ የዘረጋችውን መስተዋት ከራሷም አልመለሰችም። ፍትሐዊ ሳቅ ከበቀል የሚለየው በዚህ ይመስለኛል።

እንዲህ ስል መቀላለድ ይቅር ማለቴ አይደለም። የማንቀልድበት ሰው ብዙ ጊዜ የማንቀርበው ሰው ነው፤ መተራረብ የወዳጅነት ምልክት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በአዲሱ የትምህርት ዓመት ልጁ ስም ወጥቶለት ወደ ቤት ሲመጣ አባትም ሆነ መምህር «አንተስ አልሳቅህም?» ብሎ ቢጠይቅ ምንም አያገኝም፤ ጥርስ ባዳ ነውና። ይልቅ «ባትስቅ ምን ይቀርብህ ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። «ምንም» ካለ ጨዋታ ነው፤ ይተዋቸው። «ጓደኛ» ካለ ግን ነገሩ ጨዋታ መሆኑ ቀርቷል።

የመጽሐፉን ገጽ ስገልጥ ደራሲዋ ከእኔ የምትፈራው ነገር የለም። ባልስቅ አትጎዳም፤ ብስቅም አታንስም። ጓደኞቿ ያልሰጧት ይህን ነበር።