ያልተጠየቀ እርዳታ

ስልኩ ይጠራል፣ ይነሳል። አንዱ ጥርት አድርጎ ይሰማል፤ ሌላው ግን «ሃሎ? ሃሎ?» እያለ ይቀራል። የኢንተርኔት ስልክ አዳፕተር ከቤት ራውተር ጋር ሲገጠም ይሄ የተለመደ ብልሽት ነው። ሁላችንም የምንጠረጥረው አዳፕተሩን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ራውተሩ ውስጥ ያለ «ሲፕ ኤኤልጂ» የሚባል ረዳት ነው።

ሐሳቡ ቅን ነው። አዳፕተሩ በጥሪ መልእክቱ ላይ የሚጽፈው የቤት ውስጥ አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.20፣ ውጪ አይሠራም። ስለዚህ ረዳቱ መልእክቱን ከፍቶ አድራሻውን ይቀይረዋል። አዳፕተሩ ወይም የስልክ አገልግሎቱ ችግሩን ቀድሞ ፈትቶት ከሆነስ? ረዳቱ አይጠይቅም። የተስተካከለውን ያስተካክላል፤ ድምፁም መንገድ ይስታል።

እኛስ? «እሷ ማለት የፈለገችው እኮ...» ብለን የሰው ቃል ስንቀይር፣ ቅንነታችን ነፃ ያወጣናል? አይመስለኝም። ሽማግሌ እንኳ ደጅ የሚጠናው ተልኮ ነው።

እርግጥ ያለዚህ ረዳት የማይሠራ አዳፕተርም አለ። ስለዚህ በጭፍን መፍረድ አይቻልም፤ አጥፍቶ፣ ደውሎ፣ ሁለቱንም ወገን «ይሰማል?» ብሎ መጠየቅ ነው። የመርዳት ግማሹ ይቺ ጥያቄ ናት።