ለውሻ ምን ያህል ይከፈላል?



ባለፈው ክረምት የግቢያችንን በር ሲጠብቅ የኖረውን ውሻ መኪና ገጨው። ወደ ትምህርታችን ስንገባ መንገድ ዳር ወድቆ አየነው። አንዳንዶቻችን «የእንስሳት ሐኪም ይየው» ስንል፥ ሌሎቻችን «ሰው በተቸገረበት አገር ለውሻ ገንዘብ ይወጣል ወይ?» አልን። ክርክሩ ሳያልቅ መሸ፤ ስንወጣ ሞቶ አገኘነው።

«ሰው ይቀድማል» ማለታችን ስሕተት አልነበረም። ነገር ግን እውነቱን እንናገር፦ ያን ቀን ሳናወጣው የቀረው ገንዘብ ለአንድም ችግረኛ አልደረሰም። ድኻውን ለስስታችን መሸፈኛ አደረግነው።

አገራችንም ብትቸገር በቢሾፍቱ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእንስሳት ሐኪሞችን ታሠለጥናለች፤ የእንስሳ ጤና ለሰውም ይተርፋልና። ውሻውን የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ የሚያስከትብ ሰው ጎረቤቱንም ይጠብቃል።

ለቀዶ ሕክምና መክፈል ሁሉ አይችልም፤ አይገደድምም። ያለ ገንዘብ የሚደረግ ግን ነበረ፦ የሚደማውን ቁስል በንጹሕ ጨርቅ መጫን፥ ሲያመው የሚያውቀውንም ሊነክስ ስለሚችል ተጠንቅቆ በሳንቃ ላይ ማንሣት፥ ብርድ እንዳይመታው መሸፈን፥ ሊመርዘው የሚችል የሰው ክኒን አለመስጠት። ሐኪም ዘንድ ቢደርስ፥ የማይድን እንኳ ቢሆን ሥቃዩ ባጠረለት ነበር።

እንግዲህ ለውሻ ምን ያህል እንደሚከፈል ዛሬም አልተስማማንም። እርሱ ግን ሌሊቱን ሁሉ ሲጠብቀን ዋጋ አልጠየቀንም።